ጊታሬ በኅዳር ለምን ባዝ አደረገ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ቤቴ ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ጊታሬን አንስቼ በትዝታ ቅኝት አንድ ዜማ ስጀምር ከወፍራሙ ክር የወጣው ድምፅ ለዓመታት የማውቀው አልነበረም። እንደ ወትሮው ጠርቶ በመውጣት ፈንታ፣ ዝዝ የሚል ቀጭን የብረት ድምፅ ከሥሩ ተከትሎት ይወጣና ሳይቆይ ይዳፈን ነበር። እኛ ጊታር ተጫዋቾች ይህን «ባዝ አደረገ» እንላለን። ባዝ የሚፈጠረው የተመታው ክር ሲርገበገብ፣ በጣትና በብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ሰውነት ላይ በሚያርፉበት ብረት) መካከል ካሉት ፍሬቶች፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ አንዱን ወይም ከአንድ በላይ የሆኑትን እየነካ ሲያልፍ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ክሩ ፍሬቱን እንዲነካ የሚያደርጉት ምክንያቶች ግን ብዙ በመሆናቸው የራሴን ጊታር ሕመም ለይቶ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በዚያው ሰሞን ሁለት ጓደኞቼም ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ስለመጡ፣ ያየሁትንና የለካሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ።

ጊታሩ ኢንዶኔዥያ የተሠራ፣ ስኳየር የሚባል የፌንደር ኩባንያ ምርት ሲሆን ቅርጹ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ ያቀረበው የስትራቶካስተር ቅርጽ ነው። ከነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ከሚያርፉበት ቁራጭ፤ ፍሬቶችም ከእሱ ጀምረው ይቆጠራሉ) እስከ ብሪጁ ያለው የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሪጁም በጀርባ በኩል በስፕሪንጎች የሚያዝ ተንቀሳቃሽ ብሪጅ ነው። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ በኋላ ከታሪኩ ውስጥ ይገባል። ሌላም መጠቀስ ያለበት ነገር አለ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የምጠቀመው ከ10 እስከ 46 የሚባለውን የክር መጠን ነበር (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ናቸው)። በጥቅምት ወር ክር ልቀይር ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ስሄድ ይህ መጠን ስላለቀ፣ ከ9 እስከ 42 የሚባለውን ቀጭኑን ገዝቼ አስገባሁ። ለጣት ስለሚለሰልስ እንዲያውም ተደስቼ ነበር።

ባዙ ሲጀምር በመጀመሪያ ያደረግሁት ጊታሩን ወደ ጥገና ባለሙያ መውሰድ ነበር። ባለሙያው አንድ ሁለቴ መትቶ ካዳመጠ በኋላ፣ ምንም ሳይለካ፣ በብሪጁ ላይ ያሉትን ስድስቱን ሳድሎች (እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸውን ትናንሽ ብረቶች) በአለን ቁልፍ ከፍ አደረጋቸው። ወደ ጊታሩ ሰውነት በቀረቡት ፍሬቶች ላይ የነበረው ድምፅ ጠፋ፤ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት ባለው ክፍል ግን ባዙ እንዳለ ቀረ። ክሮቹም ከአንገቱ ስለራቁ እጅ የሚያደክሙ ሆኑ። ይህን ስነግረው ፍሬቶቹ ያረጁ ስለሆኑ በሞረድ መስተካከል አለባቸው አለኝ። እኔም ላስብበት ብዬ ጊታሬን ይዤ ወጣሁ። በዚህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። በቁልፍ የተዞረ ነገር ካልተሳካ ተመልሶ ይዞራል፤ ሞረድ ከፍሬት ላይ የወሰደውን ብረት ግን ማንም መልሶ አያስቀምጠውም። ስለዚህ ሞረድ ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ የሚነሳ መሣሪያ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ ሊሆን አይገባም።

ሳድል ማንሳት የመጀመሪያዎቹን ፍሬቶች ለምን እንዳልፈወሰ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ክሩ በአንድ በኩል በነቱ ላይ፣ በሌላ በኩል በሳድሉ ላይ ያረፈ ነው። ሳድሉን በ1 ሚሊ ሜትር ብናነሳው ባልተጫነው ክር ሥር ያለው ክፍተት በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ግን የሚጨምረው ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጣታችን አንደኛውን ፍሬት ከተጫነ ደግሞ ለሁለተኛው ፍሬት የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ፣ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በነቱ አጠገብ ያለን ችግር ከብሪጁ በኩል ለመፍታት መሞከር፣ ጠብታ ውኃ ወደ ሩቅ ለማድረስ ባልዲ ሙሉ እንደማፍሰስ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት ያጋጠመኝ አንድ ጨዋታ ነገሩን የማይበትን መንገድ ቀየረው። በግቢያችን የሚኖሩ በገና ደርዳሪ አዛውንት አሉ። ጊታሬን ይዤ በረንዳ ላይ ስተክዝ አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ክሩ ብረቱን እየነካ ዝዝ ይልብኛል፤ ከየት እንደሚነሳ አላወቅሁትም» አልኳቸው።

«እኛ እኮ ይህንኑ ድምፅ ፍለጋ ነው ስንደክም የምንውለው» አሉኝና በገናቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ከበርኩማው ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለ። አንዱን እንዚራ በጣታቸው ጫፍ እጅግ በጥቂቱ ወደፊት ሲገፉት አውታሩ ድምፁ ጠፍቶ ደነዘ፤ መልሰው በጥቂቱ ሲስቡት ያ የምናውቀው፣ በዐቢይ ጾም ልብን የሚመስጠው ነዛሪ ድምፅ ተመለሰ። «አየህ ልጄ፣ ድምፁ ቦታ አለው። ቦታውን ካላገኘኸው አይመጣም፤ ልታጠፋውም ከፈለግህ መጀመሪያ ቦታውን ፈልግ» አሉኝ።

በገና ላይ የሚፈለገውና ጊታር ላይ የሚጠላው ድምፅ በአፈጣጠሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚርገበገብ ክር በአጠገቡ ያለን ነገር ደጋግሞ ሲነካ የሚወጡ ናቸው። የንክኪው ርቀትም የፀጉር ያህል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ «ይህን ባዝ እንዴት ላጥፋው» የሚለውን ጥያቄ ትቼ «ክሩ የሚነካው የትኛውን ፍሬት ነው» ወደሚለው ጥያቄ ዞርኩ።

ቦታውን ለመፈለግ ጸጥታ ያስፈልጋል። የታክሲ ረዳቶች ጥሪና የመኪና ጥሩምባ ጋብ በሚልበት ሌሊት ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ፣ ስድስቱንም ክሮች በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫንኩ፣ በልኩና በእኩል ጉልበት እየመታሁ አዳመጥኩ። የሰማሁትንም በደብተር ላይ መዘገብኩ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ራሱ ይናገራል። ባዙ ያለ ጣት በተመታ ክር ላይ ብቻ ከተሰማና ጣት ሲያርፍ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የነቱ መቀመጫ ከመጠን በላይ መጥለቁ ነው። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ባሉት ፍሬቶች ላይ ከበዛ፣ አንገቱ ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል ማለት ነው። ከአሥራ ሁለተኛው በላይ ብቻ ከሆነ ሳድሎቹ ዝቅ ብለዋል፣ ወይም አንገቱ ከሰውነቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ወደ ላይ ተነስቷል። በአንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ በአንድ ክር ዘጠነኛ ፍሬት ላይ ተሰምቶ ከፊቱና ከኋላው ንጹሕ ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ ቆሟል። በእኔ ደብተር ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶች በሦስቱ ወፍራም ክሮች ላይ በሙሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ከዚህ ተለይቶም በሦስተኛው ክር ዘጠነኛ ፍሬት ላይ አንድ ብቸኛ ምልክት ነበር።

እዚህ ላይ ከባዝ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማውጣት ይገባል። አንደኛው ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ጉምታ ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ እንደ ስትራቶካስተር ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ያላቸው ጊታሮች ይህን ጉምታ ከአካባቢው ይለቅማሉ፤ ክር ባይመታም ይሰማል፣ ጊታሩ ከአምፕሊፋየሩ ሲነቀል ደግሞ ይጠፋል። ከፍሬት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለተኛው ከክሩ ጋር አብሮ የሚንቀጠቀጥ የላላ ነገር ነው፤ የመቃኛው ቀለበት፣ የሳድል ቡሎን፣ በጀርባ ያለ ስፕሪንግ ሊሆን ይችላል። ይህኛው የሚታወቀው አንድ የተወሰነ ድምፅ በየትኛውም ክር ላይ ሲመታ በመነሳቱ ነው። ተጠርጣሪውን ክፍል በጣት ይዞ ያንኑ ድምፅ መምታት መልሱን ይሰጣል።

ቀጥሎ ልኬት መጣ። የመኪና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸውን ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ፊለር ጌጅ የሚባሉትን፣ ከአንድ መካኒክ ጎረቤቴ ተዋስኩ። ጊታሩን በትክክል ቃኝቼ በአንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ሁሉንም ክሮች በአንድነት የሚጫን መቆንጠጫ) አሰርኩ፤ ወፍራሙን ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ በጣቴ ተጫንኩ። በዚህ ጊዜ ክሩ እንደ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስለሚያገለግል በስምንተኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል የሚታየው ክፍተት የአንገቱን ጉብጠት ይናገራል። የአንገቱ ፊት ቅስት 9.5 ኢንች ራዲየስ ላለው እንደ እኔ ላለ ጊታር ፌንደር የሚመክረው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚርገበገብ ክር በመካከሉ ሰፊ፣ በጫፎቹ ጠባብ ሆኖ ስለሚወዛወዝ አንገቱ ለዚህ ውዝዋዜ ቦታ ለመስጠት በጥቂቱ ወደፊት መጉበጥ ይኖርበታል። የእኔ ክፍተት ዜሮ ነበር፤ በጣም ቀጭኑ ቅጠል እንኳ አልገባም። ከጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ካሉበት ጫፍ) በኩል በአንገቱ ላይ አሻግሬ ስመለከትም በጥቂቱ ወደ ኋላ መጉበጡን አየሁ።

ያኔ የጥቅምት ወር ሥራዬ ትዝ አለኝ። ከ10 እስከ 46 የሆነው የክር ስብስብ ሲቃኝ አንገቱን በጠቅላላው ወደ 47 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስበዋል፤ ከ9 እስከ 42 የሆነው የሚስበው ግን ወደ 39 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ፣ ከዚህ ስበት በተቃራኒ አንገቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። የክሩ ኃይል በ8 ኪሎ ሲቀንስ ዘንጉ አሸነፈ። በዚህ ላይ የአየሩ ለውጥ ተጨመረ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ እርጥበት የጠጣ እንጨት፣ ከጥቅምት ጀምሮ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ብዙ ጊዜም አንገቱ ቀጥ ወደማለት ያዘነብላል። እርጥበት በማይለየው አገር ተሠርቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ የመጣ ጊታር ይህ ለውጥ ቢያስደነግጠው አያስገርምም። ማስረጃውም በእጄ ላይ ነበር፤ ግራ እጄን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ሳንሸራትት በክረምት ያልነበሩ የፍሬት ጫፎች ጣቴን ይቧጥጡኝ ጀምረዋል። እንጨቱ በወርዱ ሲጠብ ብረቱ ባለበት ስለሚቀር ጫፉ ይወጣል።

ሦስተኛው ምክንያት በብሪጁ ላይ ነበር። ተንቀሳቃሽ ብሪጅ የሚቆመው የክሮቹ ስበትና የስፕሪንጎቹ ስበት ሲመዛዘኑ ነው። ክሮቹ ሲደክሙ ስፕሪንጎቹ ብሪጁን ወደ ኋላ አስተኙት። ቀድሞ ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከእንጨቱ ከፍ ብሎ ይቆም የነበረው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ወርዶ አገኘሁት፤ ሳድሎቹም አብረው ዝቅ ብለው ነበር። ባለሙያው ሳድሎቹን ባነሳ ጊዜ የሸፈነው ይህንን ነው። ሦስቱም ምክንያቶች ክሩን ወደ ፍሬቱ የሚያቀርቡ ነበሩ፤ የፍሬት እርጅና ግን ከመካከላቸው አልነበረበትም።

ትረስ ሮድን መንካት ብዙዎችን ያስፈራል፤ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የጊብሰን ኩባንያው ታዲየስ ማክሂዩ የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ግን ይህ ዘንግ የተቀመጠው ሊስተካከል ነው። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና በልኩ የሆነ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ልኩ ያልሆነ ቁልፍ የዘንጉን ራስ ስለሚፈጭ ከዚያ በኋላ ማንም አይደርስለትም። ቁልፉን በጊታሩ ራስ በኩል አስገብቼ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደሚላላበት አቅጣጫ፣ ሩብ ዙር ብቻ አዞርኩ፤ ጊታሩን መልሼ ቃኘሁ፤ ለካሁ። 0.1 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሌላ ሩብ ዙር ጨምሬ 0.2 ደረሰና በዚያ ምሽት ተውኩት። እንጨት የታዘዘውን ወዲያው አይፈጽምም፤ በማግስቱ ጠዋት ስለካው ምንም ሳልነካው 0.25 ሆኖ አገኘሁት። ቸኩዬ ሦስተኛ ሩብ ዙር ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ከልኩ አልፌ ነበር።

ከዚያ ወደ ብሪጁ ሄድኩ። የጀርባውን ሽፋን ከፍቼ ስፕሪንጎቹን የያዘውን ብረት የሚያስሩትን ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች በካቻቪቴ በግማሽ በግማሽ ዙር አላላኋቸው፤ በየመሃሉ እየቃኘሁ፣ የብሪጁ ጀርባ ወደ ቀድሞው 3 ሚሊ ሜትር እስኪመለስ ድረስ ደጋገምኩት። ይህ ሥራ እንደ ሚዛን ነው፤ አንዱን ክር ስትቃኙ ሌሎቹ ይዛባሉ፣ ስለዚህ አራት አምስት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው። በመጨረሻም ከፍ ተደርገው የነበሩትን ሳድሎች አወረድኩ። በአሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ አናት 2.4 ሚሊ ሜትር ርቆ ነበር፤ ወፍራሙን ክር 1.7፣ ቀጭኑን 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምኳቸው። የመካከሎቹን ክሮች ደግሞ የአንገቱን ፊት ክብነት ተከትለው ቅስት እንዲሠሩ አድርጌ አስተካከልኩ። ጊታሩን ስመታው የመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶች ጠርተው ዘፈኑ።

ነቱን በአጭሩ ፈተሽኩት። ክሩን በሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኜ በአንደኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ተመለከትኩ፤ የፀጉር ያህል ብርሃን ስላሳየኝ ጤነኛ ነው ብዬ አለፍኩት። ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ነቱን መቀየር ያስፈልግ ነበር። የቤኪንግ ሶዳ ዱቄት በሱፐር ግሉ አጠንክሮ መቀመጫውን መሙላትም ለጊዜው ያገለግላል።

የቀረው የሦስተኛው ክር ዘጠነኛ ፍሬት ነበር። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላም ያችው ቦታ ብቻ ዝዝ ትላለች። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው የባንክ ካርድ ወስጄ በዘጠነኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ፍሬቶች ላይ በአንድነት አቆምኩት። ካርዱ እንደ ሕፃናት መወዛወዣ ወዲያና ወዲህ አለ፤ በዚያ ክር ሥር አሥረኛው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው። በሌሎቹ ክሮች ሥር ግን ካርዱ አልተነቃነቀም። ፍሬቱን በጥፍሬ ስጫነው ጥቂት ወደ ታች ሄዶ ተመለሰ፤ ያረጀ ወይም ያልተስተካከለ ሳይሆን ከመቀመጫው የለቀቀ ነበር። ክሮቹን አላልቼ ወደ ጎን ካደረግኋቸው በኋላ በፍሬቱ ዙሪያ ያለውን እንጨት በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። በቀጭን መርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ወደ ፍሬቱ ሥር አስገብቼ፣ በትንሽ እንጨት ላይ በጎማ መዶሻ ቀስ ብዬ መታሁትና እስኪደርቅ ድረስ ተጭኜ ያዝኩት። በማግስቱ ካርዱ አልተወዛወዘም። በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ሞረድ ቢነሳ ኖሮ፣ አንድ የለቀቀ ፍሬት ዝቅ እንዲል ሲባል ሃያው ጤነኛ ፍሬት ሁሉ በተሞረደ ነበር።

የክሩ ቁመት ሲለወጥ በየፍሬቱ ያለው ቅኝትም ስለሚዛባ፣ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የሚሰማውን ሃርሞኒክ (ክሩ ሳይጫን በጣት ተነክቶ ብቻ የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ) ከተጫነው ድምፅ ጋር በመቃኛ መሣሪያ እያመሳከርኩ ሳድሎቹን ወደፊትና ወደ ኋላ አስተካከልኩ። የተጫነው ድምፅ ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዝቅ ካለ ወደፊት። በአንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕም ጥቂት ዝቅ አደረግሁት፤ የፒክአፑ ማግኔት ለወፍራሙ ክር ከመጠን በላይ ሲቀርብ ክሩን እየሳበ ድምፁን ስለሚያወላግደው ይህንንም ባዝ ነው ብለው የሚሳሳቱ አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጊታሩ ጨርሶ አይነዝርም ማለት አይደለም። ወፍራሙን ክር በኃይል ብመታው ዛሬም በእንጨቱ ላይ ጥቂት ዝዝታ ይሰማል፤ በአምፕሊፋየሩ በኩል ግን አይወጣም፣ ስለዚህ አልነካውም። መለኪያዬ ሰሚው የሚሰማው ድምፅ ነው። በአምባሰልም ሆነ በባቲ ጊታሩ የድምፃዊውን ዜማ ሲከተል ድምፁ ንጹሕና ያልታፈነ እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ እያንዳንዱ ጉድለት ተጋልጦ ይታያል፤ ሮሃ ባንድ ውስጥ ሰላም ስዩም የተጫወታቸውን የጊታር ሐረጎች ያዳመጠ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ለጥር ሰርጎች ከባንዳችን ጋር ስሠራ ስድስቱም ክሮች ጠርተው አገለገሉኝ።

ደብተሬን ግን አልዘጋሁትም። በየወሩ መጀመሪያ ካፖውን አስሬ በስምንተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እለካለሁ። እስከ ግንቦት ድረስ በ0.25 እና በ0.2 መካከል ሲመላለስ ቆይቶ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ በሐምሌ 0.35 ሆነ፤ ባዝ ባይኖርም ክሮቹ በመካከለኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ለጣቴ ራቅ ብለው ተሰሙኝ። ትረስ ሮዱን በዚህ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ከሩብ ዙር ግማሹን ብቻ አዞርኩት። በመስከረም መጨረሻ ልኬቱን ደግሜ እወስዳለሁ፤ ቁልፉም እዚያው በጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ነው።